ለጠረጴዛችሁ የሚበቃ ኩባያ

በመስከረም መጨረሻ አንዲት እናት የአምስት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ ወደ ክፍሌ አመጣችና «ቲቸር፣ ልጄ እስከ መቶ ይቆጥራል» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ልጁ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዐይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ከአንድ እስከ መቶ ሳይደናቀፍ አንበለበለው። አድንቄው ሳበቃ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ የቆርኪ ከረጢቴን አወጣሁና «እስቲ አምስት ቆርኪ ስጠኝ» አልኩት። ሁለት እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ የቻለውን ያህል ዘገነና መዳፌ ላይ አፈሰሰው። ዘጠኝ ነበሩ። «አምስት ናቸው?» ስለው ምንም ሳይጠራጠር «አዎ» አለኝ። እናቱ ደነገጠች፤ እኔ ግን አልደነገጥኩም፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከምቀበላቸው ልጆች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸውና።

በአዲስ አበባ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ 37 ልጆች አሉ። ከማስተምራቸው ነገሮች ሁሉ አብልጬ የማስብበት ይኸው የቁጥር ነገር ነው። ልጅ ቁጥርን የሚያውቀው እኩል የሆኑ ስብስቦችን በገዛ እጁ ሲሠራ፣ ሲያጣምድና ሲያመሳስል እንደሆነ አምናለሁ፤ ለዚህም የሚበቃ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ መዝለቅ መልካም ነው፣ ያለ እርሱም መቁጠር አይቻልም፤ ነገር ግን ልጁ በዚያ ደረጃ የያዘው የቃላት ሰልፍ ነው፣ ሀ ሁ ሂን በዜማ እንደሚያወርደው። ዜማውን ያወረደ ልጅ ሁሉ ፊደሉን ለይቶ እንደማያውቅ ወላጅ ሁሉ ያውቃል፤ «ሄ የቷ ናት?» ሲባል ከሀ ጀምሮ በጣቱ እየነካ የሚሄድ ልጅ ያላየ የለም። ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን ይህንኑ እንዘነጋዋለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቻቸው ጥናቶች ያደረገችው እኔ በከረጢቴ ከማደርገው ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ሕፃናትን «አንድ ስጠኝ፣ ሁለት ስጠኝ፣ ሦስት ስጠኝ» እያለች መጠየቅ ነው። ያገኘችው መልስ ግን የብዙ መምህራንን ዐይን ከፍቷል። ልጅ መጀመሪያ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድን ብቻ ነው፤ ሁለትም በሉት አምስት፣ ከአንድ በላይ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ይዘግናል። ወራት አልፈው ሁለትን ያውቃል፣ ሌሎች ወራት አልፈው ሦስትን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ፣ በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ፣ መቁጠር ራሱ ብዛትን የሚነግር መሣሪያ መሆኑ ይገለጥለታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በአፉ ከዚያ በላይ ርቆ ሊቆጥር ይችላል። ዕድሜው ከልጅ ልጅ ይለያያል። ቤት ውስጥ ስለ ብዛት ብዙ የሚነገረው ልጅ ቀድሞ ይደርሳል፤ እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ገና ሦስት ላይ ናቸው። ይህንን እንደ ጉድለት አላየውም። ከየት እንደምጀምር የሚነግረኝ ምልክት ነው።

ሲቆጥሩ ቀረብ ብሎ ማየት ደግሞ ብዙ ያስተምራል። ሰባት ቆርኪ በሰልፍ ደርድሬ «ቁጠር» ስለው ጣቱ ከአፉ ቀድሞ ይሮጣል፤ «ሁ-ለት» እና «አም-ስት» ላይ ደግሞ ቃሉ ስለሚረዝም ለአንዱ ቃል ሁለት ቆርኪ ይነካል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮሼል ጌልማንና ቻርልስ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ልጆች ሲቆጥሩ የሚመሩባቸውን ሕግጋት ሲያስቀምጡ የመጀመሪያው ይኸው ነበር፤ ለአንድ ነገር አንድ ቃል፣ አይደገምም፣ አይዘለልም። ስለዚህ ልጁ እንዲጠቁም አላደርገውም፤ እያንዳንዱን ቆርኪ እያነሣ ወደ ሌላ ሳሕን እንዲያስገባ አደርገዋለሁ። እጅ አንድ ነገር አንሥቶ እስኪያስቀምጥ ድረስ አፍ የመጠበቅ ግዴታ አለበትና ስሕተቱ ይቀንሳል።

ከዚያ የሚከብደው ይመጣል። ልጅቷ አምስት ቆርኪ በትክክል ቆጥራ ጨርሳለች፤ «ስንት ናቸው?» እላታለሁ፤ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ደግሜ ብጠይቃት ደግማ ትቆጥራለች። «ስንት» የሚለው ጥያቄ ለእርሷ «ቁጠሪ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የሁሉንም ብዛት እንደሚናገር ገና አላወቀችም። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን ቆርኪ ብቻውን አንሥቶ «አምስት ይህ ነው» ይለኛል። አምስትንና አምስተኛን ገና አልለየም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ትልቅ እገዛ ያደርግልናል፤ ብዙ መምህራን ሲጠቀሙበት ግን አላይም። «አምስቱም» የሚለው ቃል ነው። ልጁ «አራት፣ አምስት» ብሎ እንደጨረሰ እጄን በቆርኪዎቹ ዙሪያ በክብ አዞራለሁና «አምስቱም!» እላለሁ፤ ልጁም እጁን እያዞረ «አምስቱም!» ይላል። ከዚያ «ስንት ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዲት «ም» የመጨረሻውን ቆርኪ ከፊተኞቹ ጋር ታስተሳስረዋለች። ይህንን ሳላቋርጥ ለሦስት ሳምንት ያህል ካደረግኩ በኋላ ደግሞ ከአንድ የሚጀምሩት ልጆች ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

በክፍሌ ውስጥ ዋናው የቁጥር ትምህርት የሚሰጠው ግን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አይደለም፤ ቁርስ ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ በስድስት ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ስድስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ጠረጴዛ ብቻ ሰባት አለው። የምገባ ሰዓት ሲደርስ ከየጠረጴዛው አንድ ተረኛ ይነሣና ኩባያ ያመጣል። ቀድሞ «ስድስት ኩባያ አምጪ» እል ነበር። እንደዚያ ስል አስቤ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ለልጅቷ የቀረላት መሸከም ብቻ ነው። አሁን የምለው «ለጠረጴዛችሁ የሚበቃ ኩባያ አምጪ፤ አይጉደል፣ አይትረፍ» ነው። ቁጥር አልጠራም።

አንዲት ተረኛ ልጅ በዚህ ጥያቄ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሄደችበትን መንገድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን እቅፏ የቻለውን አመጣች፤ ለሁለት ልጆች ሳይደርሳቸው ቀረና አንዱ «የኔስ?» ብሎ አለቀሰ። ልቅሶው በደንብ ገብቷት ነበር መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ተራዋ አንድ ኩባያ አምጥታ አንድ ልጅ ፊት አስቀመጠች፣ ተመልሳ ሄዳ ሌላ አመጣች፣ እንዲህ እያለች ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። ሻዩ እየቀዘቀዘ ስለነበር ረዳቴ ልታግዛት ተነሣች፤ ተዪያት አልኳት። ያ መመላለስ አንድ ለአንድ ማጣመድ ነው፤ የቁጥር መሠረት ነው፤ ከሻዩም ከሰዓቱም ይበልጥብኛል። ኅዳር ላይ አራት ኩባያ አምጥታ አደለችና ባዶ የቀሩትን ሁለት ቦታዎች አይታ «ሁለት ቀረ» አለች፤ ሄዳ ሁለት አመጣች። ማንም ሳይጠይቃት «ሁለት» ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው። ታኅሣሥ ላይ ከመሄዷ በፊት የጓደኞቿን ትከሻ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፣ አምስት ኩባያ ይዛ መጣች፣ ለአምስቱም አደለች፣ ከዚያ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ ምንም የለም። ራሷን ረስታ ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለትንሽ ጊዜ ቆየችና ሮጣ ሄደች። በሚቀጥለው ተራዋ መጀመሪያ የነካችው የራሷን ደረት ነው።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥያቄያችን ራሱ ልጆችን እንደሚያሳስታቸው ብዙ ጊዜ አይታወቀንም። «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ስንጠይቅ፣ በአማርኛ ታላቅ ወንድምም ይበልጣል፣ ረጅምም ይበልጣል፣ ወፍራምም ይበልጣል። ሦስት ትልልቅ ብርቱካንና አምስት ትንንሽ ሎሚ ፊቱ ያለ ልጅ ብርቱካኑን ቢያሳየኝ የተሳሳተው እርሱ አይደለም። ስለዚህ «የትኛው ይበዛል?» እላለሁ። እንዲሁም «ትክክል ናቸው?» ብዬ አልጠይቅም። ትክክል ማለት እኩልም ነው፣ ያልተሳሳተም ነው፤ ልጁ የሚሰማው ሁለተኛውን ነውና «አዎ ቲቸር» ብሎ ሊያስደስተኝ ይቸኩላል። «እኩል» የሚለው ቃል ንጹሕ ነው። ለማያውቁትም «እኩያ ማለት ዕድሜው እኩል የሆነ ጓደኛ ነው፤ እነዚህ ቆርኪዎችም ለእነዚያ ጠጠሮች እኩያ ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ጓደኛ አለው» እላቸዋለሁ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ይህንን የእኩልነት ነገር በጥልቀት ከመረመሩት አንዱ ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ ነው። በሁለት ሰልፍ እኩል ነገሮችን ትደረድራለህ፤ ልጁ እኩል መሆናቸውን ይናገራል፤ ከዚያ አንደኛውን ሰልፍ ታራርቀዋለህ፤ ልጁም የረዘመው ይበዛል ይላል። እኔም በቆርኪና በጠጠር አይቼዋለሁ፤ ዐይናቸው እያየ ምንም ሳይጨመር «በዛ» ይላሉ። ኮሌጅ ሳለሁ ይህ የዕድሜ ጉዳይ ስለሆነ እስኪያድጉ ድረስ መጠበቅ ነው ተብለን ተምረን ነበር። በኋላ ግን የጄምስ ማክጋሪግልና የማርጋሬት ዶናልድሰን ሙከራ አሳብ አስለወጠኝ። እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ሰልፉን በሰው እጅ ከማራራቅ ይልቅ አንድ ረባሽ የድብ አሻንጉሊት ድንገት መጥቶ እንዲያበላሸው አደረጉ፤ ያን ጊዜ «እኩል ናቸው» ያሉት ልጆች እጅግ ብዙ ሆኑ። ምክንያቱ በእኛ ቤት በደንብ የሚታወቅ ነው፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የጠየቀ ትልቅ ሰው መጀመሪያ የሰማውን መልስ አልወደደውም ማለት ነው፤ ጨዋ ልጅ ደግሞ መልሱን ይለውጣል። እኔም ከአሮጌ ሹራብ የሰፋኋት ድመት አለችኝ። ድመቷ ሰልፉን ትበትነዋለች፣ ልጆቹ ይቆጧታል፣ እኔም «ወይኔ፣ አሁንስ እኩል ናቸው?» እላለሁ። መልስ የተለያየ እንደሆነ የቆራረጥኩትን ክር አከፋፍላቸዋለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቆርኪ ወደ አንድ ጠጠር ክር ይዘረጋሉ። ክር ያልደረሰው ቆርኪ፣ ክር ያልደረሰውም ጠጠር ከሌለ ነገሩ አለቀ። አንዲትም ቁጥር ሳንጠራ እኩል መሆናቸው ተረጋገጠ።

የተለያዩ ነገሮችን ማመሳሰል ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጣፍጠውም ይህ ነው። ሦስት ዝሆን የተሣለበት ካርድና ሦስት ጉንዳን የተሣለበት ካርድ አሳይቼ «የትኛው ይበዛል?» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዝሆን!» ይላል። ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ቆርኪ፣ ሦስት ጣት፣ ሦስት ጉንዳን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ልጅ በአሳቡ ብቻ የሚደርስበት ነው። ካርዶቹን በየቡድኑ እንዲያዛምዱ ስሰጣቸው መጀመሪያ በቀለም ይለያሉ፣ ቀጥሎ እንስሳውን ከእንስሳ ያደርጋሉ። አልከለክላቸውም። በራሳቸው መንገድ ለይተው ሲጨርሱ «አሁን ደግሞ ብዛታቸው እኩል የሆኑትን አንድ ላይ አስቀምጡ» እላለሁ። ከአምስት በላይ የሆነ ካርድ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አላወጣም። እስከ ሦስት ያለውን ዐይን ሳይቆጥር ይይዘዋል፤ አራትና አምስት ሥራ ይጠይቃሉ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው።

ለዕቃ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። መጀመሪያ በባቄላና በሽምብራ እናስቆጥር ነበር፤ አንዲት አያት ልጅ ሊወስዱ መጥተው መሬት ላይ የተበተነውን አይተው «ልጄ፣ እህል መጫወቻ አይደለም፤ ጡር ነው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ፤ በዚያ ላይ ሽምብራ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የሚገባ መጠን አለው። አሁን የምንጠቀመው ቆርኪ ነው፤ ጠርዙ ስለታም የሆነውን ለይቼ እጥላለሁ፤ ቆርኪም ቢሆን አፍ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ታናናሾቹ ያለ ጠባቂ አይነኩትም። ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ 30 እንቁላል የሚይዘውን የካርቶን ማስቀመጫ ነው። አምስት በስድስት ስለሆነ፣ ስድስቱን ረድፍ ሁለት ሁለት እያደረግን በመቀስ ስንቆርጠው እያንዳንዳቸው ዐሥር ጎድጓዳ ያላቸው ሦስት ቁራጭ ይወጡታል። ልጁ በየጎድጓዳው አንድ ቆርኪ ሲያስገባ አንድ ለአንድ ማጣመድን ካርቶኑ ራሱ ያስተምረዋል፤ ሰባት ሲሆን አንዱ ረድፍ ሞልቶ ከሌላው ሁለት እንደተያዘ፣ ሦስት ባዶ እንደቀረ ያያል። ዐሥር ሲሞላ አዲስ ቁራጭ ይጀምርና «ዐሥራ አንድ» ይላል፤ ዐሥርና አንድ መሆኑ ከቃሉም ከካርቶኑም ይታያል። «ኢለቨን» እያሉ የሚጀምሩ ልጆች ይህንን ጥቅም ያጡታል፤ ለዚህ ስል ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲቆጥሩ ወላጆችን አጥብቄ እለምናለሁ።

እኩል ማካፈልንም ቋንቋችን አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል። «ሁለት ሁለት ሁኑና ተሰለፉ»፣ «ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ስጪ»፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ በመጥራት ብቻ እኩል ስብስብ መሥራት ይነገራል። 37 ልጆች ሁለት ሁለት ሲሰለፉ አንድ ልጅ ብቻውን ይቀራል፤ እጁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት በቀረበት ቀን ግን እጄ ባዶ ይሆናል፤ «ዛሬ ለቲቸር ጓደኛ አልተረፈም» ይላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውንም ነግሬያቸዋለሁ፤ እኛ በአምስት ሎሚና በአምስት ልጅ ሠርተነው፣ ሎሚውን ሁሉ የተሸከመው ልጅ አንዱ ሲወድቅበት፣ ተከፋፍለው ሲይዙት ግን ምንም አለመውደቁን አይተዋል።

የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም። በየዓመቱ ጥቂት ወላጆች «የጎረቤታችን ልጅ ደብተሩን እስከ መቶ ጽፎ ሞልቷል፤ የእኔ ልጅ ደብተር ባዶ ነው» ብለው ይመጣሉ። እርሳስ አያያዙ ገና ያልጸና ልጅ ማታ ማታ እያለቀሰ 67ን እና 76ን ሲገለብጥ ያድራል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ሁለት ዓመት ሰጥቶናል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ዐሥርን በእጅ፣ በዐይንና በአሳብ ለማወቅ ይበቃል። ያን ጊዜ በምልክት መጻፉ የጥቂት ሳምንት ሥራ ይሆናል።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሲያልቅ የዚያ እስከ መቶ የሚቆጥረው ልጅ አባት ካርድ ሊወስድ መጣ። «እስከ አራት ድረስ አውጣ ሲባል በትክክል ያወጣል፤ ሁለት ስብስቦችን እያጣመደ እኩል መሆናቸውን ይናገራል» ብዬ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አነበበውና «ቲቸር፣ መስከረም ላይ መቶ ይቆጥር የነበረ ልጅ ጥር ላይ አራት ሆነ?» አለኝ። ከረጢቱን አውጥቼ ልጁ ፊት አስቀመጥኩና አባቱ ራሱ እንዲጠይቀው ነገርኩት። «አራት» አለው፤ ልጁ አንድ በአንድ አራት ቆርኪ አወጣና የከረጢቱን አፍ ዘጋ። «አምስትስ?» አለው። ልጁ ከረጢቱን እንደገና ከፈተ፣ ሁለት ጨመረ፣ ሰልፉን አየና ተጠራጠረ። ከዚያ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእያንዳንዱ ጣቱ ጫፍ አንድ አንድ ቆርኪ አስቀመጠ። አንድ ተረፈው፤ አንሥቶ ወደ ከረጢቱ መለሰው። ይህንን ያሳየው ሰው አልነበረም። አባትየው ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ የራሱን ሰፊ እጅ ከልጁ እጅ ጎን ዘረጋና «ለእኔስ?» አለው።